ከመድረኩ በፊት መዝገቡ፦ ሐዋሳ በጎ ሰዎቿን እንዴት ታመስግን?

አንድ ሰው ለሰፈሩ የሠራው በጎ ሥራ በዝርዝር ተጽፎ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ በቀብሩ ዕለት ነው። የሕይወት ታሪኩን የሚያነበው ሰው ሟች የስንት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሸፈነ፣ የየትኛዋን አሮጊት የቤት ኪራይ ለስንት ዓመት እንደከፈለ፣ ስንት ሌሊት ሕመምተኛ ደግፎ ሪፈራል ሆስፒታል እንዳደረሰ ይዘረዝራል። ለቀስተኛውም ከንፈሩን እየመጠጠ «ይህን ሁሉ ሠርቶ ኖሯል?» ይባባላል። በሕይወት ላሉት ያለን መንገድ ደግሞ የማጠቃለያ መርሐ ግብር ነው፤ አዳራሽ፣ ባነር፣ ረጅም ንግግር፣ ስም የተሳሳተበት ሰርተፍኬት፣ የጋራ ፎቶ።

እንዲህ ያለው የምስጋና ፕሮግራም በሐዋሳ ክፍለ ከተሞችና ቀበሌዎች የተለመደ ነው። መደገሱ አይከፋም፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ከመመለስ ሰርተፍኬትም ይሻላል። ምስጋናው የሚበላሸው ግን መድረክ ላይ አይደለም። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ ማን ምን እንደሠራ ሳይጻፍ ሲቀር ነው የሚበላሸው። መዝገብ የሌለው ኮሚቴ የሚያውቀው የሚታየውን ብቻ ነው፦ ገንዘቡን በአደባባይ የሰጠውን፣ ቢሮ የሚመላለሰውን፣ ስሙን የሚያነሳለት ወዳጅ ያለውን። የቀረው እስከ ቀብሩ ይጠብቃል።

በመስከረም የተቆጠረ ቤት

ነገሩን ለማየት ከክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሥራዎች አንዱን፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት እድሳት መውሰድ ይበቃል። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት ጣሪያ ይለወጥ ቢባል፣ ክፈፉ ሲጨመርበት ከ25 እስከ 30 ቆርቆሮ ይፈልጋል። ቆርቆሮውን የሚሰጠው ነጋዴ ስሙ ባነሩ ላይ ይወጣል። አናጢው የራሱን ሥራ ትቶ አራትና አምስት ቀን ጣሪያ ላይ ይውላል፤ የእሱ ስጦታ የአምስት ቀን የቀን ሒሳብ ነው፣ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ከ30 ቆርቆሮ ሊከብድ ይችላል። ወጣቶቹ ጭቃ ይረግጣሉ፣ ውኃ ያመላልሳሉ። ጎረቤት ያለችው ሴት ለሠራተኛው ቡና ታፈላለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ የእድሳቱ ባለቤት የሆኑትን እናት ከነዕቃቸው ቤቷ ታስገባና ሥራው እስኪያልቅ ታሳድራለች። በማጠቃለያው ዕለት ከእነዚህ ውስጥ ስሙ የሚጠራው ማን እንደሆነ አንባቢ አያጣውም።

ከማን ይመስገን ያላነሰ ከባድ ጥያቄ ደግሞ መቼ የሚለው ነው። ቆርቆሮ በክረምትም ይመታል። የጭቃ ግድግዳ ግን ሌላ ነው። ምርጊቱ ከጭድ ጋር እየተረገጠ ለቀናት መቡካት አለበት፤ ሁለተኛው ልስን የሚገባውም የመጀመሪያው ደርቆ ስንጥቁን ካወጣ በኋላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግድግዳው ቶሎ አይደርቅም፣ የርክክቡ ቀን ግን ተቆርጧል፤ ስለዚህ እርጥቡ ላይ ይለሰናል። የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ ሲያገኘው ልስኑ እየተላቀቀ ይወርዳል። የቋሚዎቹ እግር የተቃጠለ ዘይት ሳይቀባ የተተከለ ከሆነ ደግሞ ምስጡ ብዙ አይቆይም። በመስከረም ሪፖርት «ተጠናቆ ተረክቧል» የተባለው ቤት በጥር ሲጎበኝ ሌላ ቤት ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። የቤት እድሳት ምስጋና በመስከረም መሰጠት የለበትም። ሥራው በጥር ይጎብኝ፣ ጣሪያው እንደማያፈስና ግድግዳው እንደቆመ ባለቤቷ ይመስክሩ፣ ከዚያ ይመስገን። ለችግኝም ያው ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በታቦርም በአላሙራም ተራራ ሥር ችግኝ ሲተከል የሚጮኸው የተተከለው ቁጥር ነው፤ መመስገን ያለበት ግን በጋውን ውኃ እያጠጣ፣ ከከብት እየጠበቀ እስከ ሰኔ ያቆየው ሰው ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ተክሎ ፎቶ መነሳት ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የበጋው ጥበቃ ከስድስት ወር በላይ ነው።

ቃል የገባና የከፈለ

የገንዘብ ለጋሾችን በተመለከተ መዝገቡ ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ «ቃል የተገባ» እና «ገቢ የሆነ»። መድረክ ላይ ማይክ ተይዞ የተነገረ ገንዘብ በሙሉ ባንክ አይደርስም። አንዳንዱ በሞቅታ የተባለ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ከልቡ ብሎ ገበያ ያጠፈበት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚጠይቀው አጥቶ የቀረ ነው፣ ይህኛው ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። ቃል በተገባ በ15 ቀን ውስጥ ደውሎ «መቼና በየትኛው ሒሳብ?» የሚል አንድ ሰው መመደብ ከምንም ይሻላል። ምስጋናው የሚጻፈው ከሁለተኛው ዓምድ ነው። ቃል ገብቶ ያልከፈለን ሰው በአደባባይ ማሳጣት አያስፈልግም፤ ስሙን አለመጥራት ይበቃል።

ዕቃ ሲሆን ርክክቡ በሰነድ ይሁን። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 100 ዴስክ ሲቀበል ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ መቀበያ ሰነድ ቆርጦ ያስገባል፤ የዚያ ቅጂ የለጋሹ ምስክር ነው። ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዋጋው ለጋሹ በነገራቸው መሠረት ብቻ መጻፉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃው ለተቀባዩ ይሁን አይሁን ሳይጣራ መመስገኑ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ሳምንት የቀረው መድኃኒት፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ደረቱ ላይ የሚደርስ ዴስክ፣ መለዋወጫ የማይገኝለት ኮምፒውተር፤ እነዚህ የተቀባዩን መጋዘን የሚያጨናንቁ ስጦታዎች ናቸው። ርክክብ ላይ «ሥራ ላይ ውሏል ወይ?» የሚል አንድ መስመር በሦስተኛው ወር ተመልሶ የሚሞላ ቢሆን ብዙ ነገር ይጠራል።

ሕጉ ራሱ ለለጋሽ ያስቀመጠው ምስጋና አለ፣ ብዙ ነጋዴ ግን አይጠቀምበትም። በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ወይም መንግሥት ላደረገው የልማትና የአደጋ ጊዜ ጥሪ የተሰጠ ስጦታ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ጣሪያው የዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ነው። በቁጥር ሲታይ፣ 2 ሚሊዮን ብር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር 500 ሺህ ብር ቢለግስ የሚቀነስለት 200 ሺህ ብር ብቻ ነው። በ30 በመቶ ግብር ሲሰላ 60 ሺህ ብር ግብር ይቀርለታል፤ ቀሪው 440 ሺህ ብር ንጹሕ ስጦታው ነው። አዋጁ በየጊዜው ስለሚሻሻል ግብር ከማሳወቅ በፊት የሒሳብ ባለሙያን ማማከር ይገባል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሕጋዊ ደረሰኝ ነው፤ «ለታላቅ በጎ አድራጊ» የሚል ዋንጫ ገቢዎች ቢሮ አይሠራም።

እዚህ ላይ ዕድር የሚነሳበት ምክንያት አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ ዕድርን ከምዝገባና ከሪፖርት ጣጣ ነፃ ያወጣዋል፤ በሌላ በኩል ግን ለዕድር የተሰጠን ገንዘብ ለግብር ተቀናሽ ማስደረግ ያስቸግራል። ከፍ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ዕድሩ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተስማምቶ ቢሠራ፣ ደረሰኙ ከድርጅቱ ይወጣል፣ ሥራውን ዕድሩ ይሠራዋል።

አንድ ጥንቃቄ በአጭሩ፦ ፈቃዱ፣ መሬቱ ወይም የግብር ጉዳዩ በእጩነት ከሚመርጠው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው በዚያ ዓመት አይታጭ። ንጹሕ ሰው ቢሆን እንኳ ሽልማቱ ያጎድፈዋል። «ተሸልመዋልና ለዝግጅቱ ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ደግሞ የተላከለት የማስታወቂያ ዋጋ እንደሆነ ይወቅ።

ጉልበትና ደም እንዴት ይቆጠራል?

ብር ራሱን ይቆጥራል። ጉልበት ካልጻፉት ይተናል። ሪፈራል ሆስፒታል በር ላይ ከገጠር የመጣ ሕመምተኛ ካርድ ክፍሉን፣ ላቦራቶሪውን፣ ፋርማሲውን እንዲያገኝ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ እያስተረጎመ የሚውል ወጣት ምን ያህል እንደሠራ ማስረጃው ምንድን ነው? አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፦ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ በአንድ መስመር፣ የኃላፊው ፊርማ። ቅጹ በየወሩ መጨረሻ ተደምሮ ይፈረምበት፤ ዓመት ቆይቶ «ስንት ሰዓት ይሆናል?» ተብሎ የሚሞላ ቅጽ ልብ ወለድ ነው። ሁሉም ሰው እኩል 200 ሰዓት የተጻፈለት ዝርዝር ካያችሁ በአንድ ምሽት የተሞላ ነው።

የደም ልገሳ ለቆጠራ ከሁሉም የተመቸ ነው፣ ካርዱ ላይ ቀኑ ይጻፋልና። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል፤ በዓመት አራት ጊዜ ማለት ነው። የተለየው ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ዘመቻ 300 ሰው ተሰልፎ ቢሰጥና ከዚያ ሦስት ወር ዝም ቢባል የደም ባንኩ ባዶውን ይቆያል። በተለይ ዩኒቨርሲቲውና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለጋሽ ይሳሳል፣ የመኪና አደጋና የወሊድ መድማት ግን ዕረፍት አይወጡም። መመስገን ያለበት የዘመቻው አስተባባሪ ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ሳይጠራው በሐምሌ ወር ብቻውን በባጃጅ ሄዶ ክንዱን የሚዘረጋው ነው።

ማመስገን በእርግጥ ሥራን ይጨምራል ወይ ለሚል ጠያቂ መልስ የሚሆኑ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የስዊድን ጥናት ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶችን ድርሻ ሲለካ ያለ ክፍያ 52 በመቶ ነበር፤ 50 ክሮነር እንደሚከፈላቸው ሲነገራቸው ወደ 30 በመቶ ወረደ፤ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት መስጠት እንደሚችሉ ሲነገራቸው ተመልሶ 53 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጣሊያን ጥናት ደግሞ ለተወሰነ የልገሳ ብዛት ሜዳሊያ የሚሰጥበትን ከተማ ተመልክቶ፣ ለጋሾች ወደ ሜዳሊያው ሲቃረቡ ቶሎ ቶሎ እንደሚመጡ አገኘ፤ ይህ የሆነው ግን ስማቸው በአካባቢው ጋዜጣ ለሚወጣና በአደባባይ ለሚሰጡ ሜዳሊያዎች ብቻ ነው። ሦስተኛው በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ አዳዲስ በጎ ፈቃደኛ ጸሐፊዎች ላይ የተደረገ ነው፤ ምንም ገንዘብ የሌለበት የምስጋና ምልክት የተሰጣቸው ሰዎች በተከታዩ ወር የመቆየታቸው ዕድል በ20 በመቶ ጨምሯል።

ከሦስቱ ለሐዋሳ የሚወሰድ አለ። ገንዘብ አትስጡ፤ አደባባዩን ግን አትንፈጉ፤ አዲስ የመጣውንም አሥር ዓመት እስኪሞላው አታስጠብቁ። ሦስተኛው የእኛ አገር ትልቁ ክፍተት ይመስለናል። የሽበት ሽልማት አለን፣ የጀማሪ «በርታ» የለንም። ክረምቱን ሙሉ ልጆች ያስጠና የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአራተኛው ሳምንት ከክፍለ ከተማው አንድ የምስጋና ደብዳቤ ቢደርሰው በሚቀጥለው ዓመት የመመለሱ ነገር ይለወጣል።

ወጪን መሸፈን ግን ደመወዝ መክፈል አይደለም፣ ይህ እየተምታታ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ከቱላ እስከ ሪፈራል በየቀኑ የሚመላለስ ልጅ የታክሲና የስልክ ካርድ ወጪው ቢሸፈንለት ነፃ አገልግሎቱ አይቀንስም። ጓንት፣ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ሳይሰጡ የሐይቁን ዳር ፕላስቲክ አስለቅመው በዓመቱ መጨረሻ ካባ ማልበስ ነው የሚገርመው።

ደምን በተመለከተ አንድ ስስ ቦታ አለ። የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። በየዓመቱ የቋሚ ለጋሾች ስም ዝርዝር በሰፈር ከተለጠፈ ዘንድሮ ከዝርዝሩ የጠፋው ሰው ላይ ሐሜት ይነሳል፤ ሰውየው ምናልባት የደም ማነስ ተገኝቶበት ወይም መድኃኒት ጀምሮ ይሆናል። ስለዚህ የሚጠራው 10ኛ ወይም 25ኛ ልገሳውን የሞላ ሰው ብቻ፣ በሞላበት ዓመት ብቻ ይሁን።

ማን ይምረጥ፣ በምን ይመዘን

በአገር ደረጃ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ያስለመደው አንድ ጠቃሚ ነገር ጥቆማውን ከሕዝብ መቀበሉ ነው። በከተማ ደረጃም ይሄው ይሠራል። ሰባት ሰው ያለው ኮሚቴ በቂ ነው፦ ከዕድሮች፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶች፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከጤና ባለሙያ፣ ከነጋዴው። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ ድምፅ እኩል እንዳይከፈል ነው። ዘመዱ፣ የዕቁብ ጓደኛው ወይም አሠሪው የታጨበት አባል ያ ስም ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም፣ ፊቱ ይናገራልና።

ጥቆማው ሦስት ሳምንት ክፍት ይሁን፤ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይወሰድ፣ የዕድር ለፋፊ በየደጁ ሲዞር ይንገር። ማጣራቱ ሌላ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ እጩ ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠየቅ፦ አንድ የተረዳ፣ አንድ አብሮ የሠራ፣ አንድ ምንም የማያገናኘው ጎረቤት። ሦስተኛውን አትዝለሉ። የተረዳ ሰው ይፈራል፣ ነገ ዱቄቱ ይቀርብኛል ብሎ ያመሰግናል፤ አብሮ የሠራ ይወዳጃል። ምግብ ቤቱ በር ላይ በየቀኑ ለጎዳና ልጆች ትራፊ የሚሰጥ ሰው ውስጥ አስተናጋጆቹን ደመወዝ የሚከለክል መሆኑን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው።

ለመመዘኛ ከመቶ እንዲህ ቢከፋፈል ያስኬዳል፦ ለቀጣይነት 30፣ ለተጠቃሚዎች ምስክርነት 25፣ ከአቅም አንጻር ለተከፈለ ዋጋ 20፣ ሌሎችን አስከትሎ ሥራውን ከራሱ በላይ ላሳደገ 15፣ ለማስረጃው ጥራት 10። የብሩ መጠን ለብቻው ነጥብ የለውም፤ «ከአቅም አንጻር» በሚለው ውስጥ ይገባል። ቀጣይነት ከፍ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው። አበበች ጎበና ሕፃናትን ማሳደግ የጀመሩት በ1972 ዓ.ም. ሲሆን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ እዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሥራቸውን ያየ ሰው የሚመዝነው በገንዘብ ቢሆን ኖሮ የሚጽፈው ባልኖረው ነበር።

ተሸላሚ አይብዛ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 60 ሰው እየተጠራ ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ሲጨባበጥ፣ ፎቶ ሲነሳና ሲወርድ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ 90 ደቂቃ ሄደ፣ ስለ አንዳቸውም ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልተሰማም። 12 ሰው ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ተሰጥቶት ሥራው ቢነበብ 48 ደቂቃ ነው። የቀሩት 48 ሰዎች ደብዳቤያቸውን በየቀበሌያቸው፣ በየዕድራቸው ስብሰባ ላይ ይቀበሉ፤ እዚያ የሚያጨበጭብላቸው የሚያውቃቸው ሰው ነው።

የዕለቱ ነገር

ዓለም አቀፉ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ዲሴምበር 5 ይውላል፣ በእኛ ኅዳር 26 ገደማ። ጥሩ ቀን ነው፤ ዝናቡ አልፏል፣ በጥር ከሚጎበኘው የቤት እድሳት በቀር የክረምቱም ሥራ ለመጣራት ጊዜ አግኝቷል። የነቢያት ጾም ግን ኅዳር 15 ይገባልና ምግቡ የጾም መሆን አለበት። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ሙግት ሐዋሳ ላይ አንስቶ የጨረሰ ሰው የለም፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አዘጋጅቶ መገላገል ነው። ለጸሎትና ለአምልኮ የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ እሑድ ጠዋትንና ዓርብ እኩለ ቀንን መተው፣ ቅዳሜ የሚያከብሩ ምእመናንም ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰዓት ላይ ብዙ አዘጋጅ ይወድቃል። የ75 ዓመት አዛውንት ተሸላሚ ለጠዋቱ 2፡00 ተጠርተው የክብር እንግዳው 4፡30 ይደርሳሉ። መድኃኒት ያለባቸው ሳይበሉ ይቀመጣሉ። እንግዳው ቢዘገዩም ፕሮግራሙ በሰዓቱ ይጀመር፤ የክብር እንግዳው ንግግር ለመጨረሻ ይቀመጥና ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። መድረኩ ደረጃ ካለው ሸላሚው ወደ ተሸላሚው ይውረድ።

የሚነበበው ጽሑፍ ከ60 እስከ 80 ቃል ይሁን። «ለማኅበረሰቡ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚለው ለማንም ይሆናልና ለማንም አይሆንም። በምትኩ ለምሳሌ «ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. በየቅዳሜው ከ3 እስከ 6 ሰዓት በአቶቴ ሰፈር የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ በነፃ አስጠንተዋል» ቢባል ሥራው ይታያል፣ ሐሰት ከሆነም ወዲያው ይታወቃል። ሰርተፍኬቱ በአማርኛና በሲዳምኛ የሚታተም ከሆነ ስም ላይ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግዕዝ ፊደል የማይታይ የጠበቀ ድምፅ በላቲኑ ሁለት ፊደል ሆኖ ይጻፋልና ታይፒስቱ በግምት ይሞላዋል። ተሸላሚው በሁለቱም ፊደል ስሙን በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ከመታተሙ በፊት ናሙናውን አይቶ ይፈርም። ከመስታወት ፍሬም ይልቅ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለወጣቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ሥራ ሲፈልግ ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዘው እሱን ነው።

ተረጂዎችን ስለማቅረብ የምንለው አንድ ነው፤ አታቅርቡ። አምስት ሊትር ዘይት ይዘው፣ ጀርባቸው ላይ የለጋሹ አርማ ያለበት ባነር ተወጥሮ፣ ካሜራ እስኪስተካከል ፀሐይ ላይ የሚቆሙ እናት ለዘይቱ ዋጋ ከፍለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም፣ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ያረጋግጣሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ያለ ፈቃድ መጠቀምን ይገድባል። የግድ ምስል ካስፈለገ እጅ፣ የታደሰ ጣሪያ፣ የተደረደረ ደብተር ይነሳ። የሕፃን ፊት በፍጹም።

ስሜ አይጠራ የሚልም ሞልቷል። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለው ትምህርት በወንጌልም በነቢዩ ሐዲስም አለ፤ ስለዚህ እምቢታው ከመግደርደር ላይሆን ይችላልና ሁለት ጊዜ ጠይቆ መተው ነው። ሥራው ግን በመዝገቡ ላይ ስም ሳይጠቀስ በቁጥር ይግባ፣ «አንድ የመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነዋሪ» ተብሎ ይነበብ። ከዓመታት በኋላ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ለሚደረግላቸው ሕሙማን ማን ይከፍል እንደነበር የሚጠይቅ ኮሚቴ ሲመጣ ቁጥሩ ይመራዋል።

መዝገቡ የት ይቀመጥ?

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው ኃላፊ ሲቀየር ነው። መዝገቡ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ወይም መሳቢያ ውስጥ ከሆነ አዲሱ ኃላፊ ከዜሮ ይጀምራል፣ ለዚያው ሰው በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ያው ዋንጫ ይሰጣል፣ ሌላው ደግሞ ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ በሦስት ቅጂ ይያዝ፦ አንዱ በክፍለ ከተማው መዝገብ ቤት፣ ሁለተኛው በዕድሮቹ ኅብረት ጸሐፊ ዘንድ፣ ሦስተኛው በኮሚቴው ውስጥ ካለው የዩኒቨርሲቲ ተወካይ ጋር። ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፣ የተሰረዘ ነገር በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበት፣ በነጭ ቀለም አይጥፋ። በየዓመቱ ጥር ላይ ሦስቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመሳከሩ፤ የቤት እድሳቱን ጉብኝት የሚያደርገው ቡድንም በዚያው ቀን አድራሻዎቹን ከመዝገቡ ቀድቶ ይውጣ።